ሸራ ማጠፍ በጣና ላይ፦ ገመዱን አስተካክሎ ነፋሱን መቅደም

ባሕር ዳር ላይ የጠዋቱና የከሰዓት በኋላው ጣና አንድ ሐይቅ አይመስሉም። ንጋት ላይ ከዳር ቆሞ ወደ እንጦስና ወደ ክብራን ደሴቶች ለሚያይ ሰው ውሃው ዝርግ ነው፤ የደንገል ታንኳዎቹ ላዩ ላይ የተቀመጡ እንጂ የሚሄዱ አይመስሉም። ቀኑ ሲገፋ ከሰሜን በኩል ነፋስ ይነሣል፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ከዚያ ነጭ አረፋ እየጣለ ወደ ከተማው ይመጣል። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ይህን ከማንም በፊት ስለሚያውቁት በማለዳ ወጥተው ነፋሱ ሳይበረታ መግባት ይመርጣሉ። እንግዳ ይዞ ወደ ገዳማቱ የሚሄድ የሞተር ጀልባም እንዲሁ ማልዶ ይነሣል። በሸራ የሚሄድ ሰው ግን ነፋስ ከሌለ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚፈልገውም የሚፈራውም ያንኑ ነፋስ ነው።

እዚህ የማብራራው ነፋሱ ሲበረታ ዋናውን ሸራ ስለ ማሳነስ ነው። በተለይም ማሳነሻው ገመድ እንዴት ቢዘረጋ ሥራው ከመቀመጫ ሳይነሡ በአንድ ደቂቃ ገደማ እንደሚያልቅ። መነሻዬ የራሴ ጀልባ ናት፤ አምስት ሜትር ርዝመት አላት፣ ሁለት ሰው ተመችቶት፣ ሦስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥባታል። ከፊት አንድ ትንሽ ሸራ፣ ከመሐል 10 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ዋና ሸራ አላት።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። ቀጥ ብሎ የቆመው ምሰሶ ደቀል ነው። ከደቀሉ ሥር ወደ ኋላ የተጋደመውና የሸራውን ታች የሚይዘው ዘንግ አግዳሚ ይባል። ሸራውን ወደ ላይ የሚስበው ገመድ መስቀያ ነው። አግዳሚውን ወደ ውስጥ ለመሳብ ወይም ወደ ውጭ ለመልቀቅ በእጅ የሚያዘውን ገመድ እኛ ልጓም እንለዋለን፤ የፈረስ ልጓም የሚሠራውን ስለሚሠራ ሌላ ስም አልፈለግንለትም። ሸራው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በደቀሉ ላይ የሚሄድ የፊት ጠርዝ፣ ነፋሱ የሚወጣበት የኋላ ጠርዝ፣ በአግዳሚው ላይ የሚያርፍ የታች ጠርዝ አለው። ማጠፍ ማለት መስቀያውን ላላ አድርጎ ሸራውን በከፊል ማውረድ፣ ከዚያ የወረደውን የታችኛውን ክፍል አግዳሚው ላይ ሰብስቦ ማሰር ነው። ጋሼ የምላቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ጎረቤቴ ይህን ሥራ መጀመሪያ ያዩ ቀን ሳቁና፣ «ታዲያ ይኼ ምን ምሥጢር አለው፤ ነፋስ ሲመጣ ጋቢህን ሰብሰብ አታደርግም?» አሉኝ። ከዚያ የተሻለ ትርጉም እስካሁን አላገኘሁም።

ለምን እንደሚታጠፍ ግን ከጋቢው ትንሽ ይለያል፤ ቁጥር ይፈልጋል። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የእኔን ሸራ በግምት በ15 ኪሎ ኃይል ይገፋዋል። 30 ሲደርስ ግፊቱ ወደ 34 ኪሎ ይወጣል። 40 ሲሆን 60 ኪሎ ነው። ከ20 ወደ 40 የሚሄደው ነፋስ ለጆሮ ብዙም የተለየ ላይመስል ይችላል፤ ጀልባዋ ግን ልዩነቱን በደንብ ታውቀዋለች።

ግፊቱ ደግሞ ጀልባዋን ወደፊት ብቻ አይወስዳትም፣ ወደ ጎንም ያጋድላታል። ለማጋደሉ ወሳኙ ግፊቱ የሚያርፍበት ከፍታ ነው። ረጅም ዘንግ ጫፉን ይዞ መነቅነቅ እንደሚቀለው ሁሉ፣ ከላይ ያለው ሸራ ከታች ካለው ይልቅ ጀልባዋን ለመገልበጥ ጉልበት አለው። የእኔ ሸራ የፊት ጠርዙ 5 ሜትር፣ የታች ጠርዙ 4 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ሲታጠፍ ቁመቱ 4፣ ወርዱ 3.2 ይሆንና 10 የነበረው ስፋት ወደ 6.4 ካሬ ሜትር ይወርዳል። የግፊቱም ማረፊያ ዝቅ ይላል። ሁለቱ ተባዝተው ጀልባዋን የሚያጋድለው ኃይል ከአርባ በመቶ በላይ ይቀንሳል። አንድ ሜትር ብቻ አጥፎ ይህን ያህል ማትረፍ ርካሽ ንግድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታችን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ እዚህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ፣ ባሕር ወለል ላይ 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰውን ያህል ነው የሚገፋው። የውጭ አገር መመሪያ «በዚህ ፍጥነት እጠፍ» ካለ እኛ ትንሽ ትርፍ አለን ማለት ነው። ትርፉን ግን ማዕበሉ ይወስደዋል። ሐይቁ ከሰሜን እስከ ደቡብ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ የሚነሣ ማዕበል እንደ ውቅያኖሱ ረጅምና ዘርጋ ያለ ሊሆን አይችልም፤ አጭር፣ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው የሚደርስ ነው። ትንሽ ጀልባን የሚያንገላታው ይኸኛው ነው።

ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለገመዱ አዘረጋግም ይጠቅማል። ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ፣ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ለመያዝ ወደ ዳር ይገሠግሣል። ባሕር ዳር በደቡቡ ጫፍ ላይ ስላለች ይህ ነፋስ ለእኛ ከውሃው በኩል፣ ከሰሜን ነው የሚመጣው። ሌሊት የብሱ ሲቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል። እንግዲህ ማለዳ ከከተማው በሰሜን ምዕራብ ወዳለው ዘጌ ሄዶ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ፣ ቡናውን ጠጥቶ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ ሰው፣ ነፋሱ በረታ በሚልበት ሰዓት ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ነው የሚመጣው።

ወጥመዱም ይኸው ነው። ነፋስ ከኋላ ሲሆን አይሰማም። ነፋሱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንና ጀልባዋ 10 ብትሄድ፣ ፊታችን ላይ የሚደርሰው 15 ብቻ ነው። ፀሐዩ ሞቅ፣ ጉዞው ፈጠን፣ ጨዋታው ደራ ይላል። በዚህ መሐል ነፋሱ እያደገ ይሄዳል። ድንገት በሆነ ምክንያት ፊት ወደ ነፋሱ ማዞር ሲያስፈልግ፣ ያው 25 የነበረው ነፋስ፣ ዞራ የዘገየችው ጀልባ ፍጥነት ተጨምሮበት፣ 30 ሆኖ ይመታል። ከ15 ወደ 30 ማለት፣ ቅድም እንዳልነው፣ አራት እጥፍ ግፊት ነው። የባሰው ደግሞ ነፋስ ከኋላ እየነፈሰ ዋናውን ሸራ ማጠፍ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ሸራው ደቀሉን በሚወጥሩት ሽቦዎች ላይ ተለጥፎ ይያዛል፤ መስቀያው ቢለቀቅም አይወርድም። ለማጠፍ ፊትን ወደ ነፋሱ ማዞር ግድ ነው፣ ልክ ያንን ማድረግ በሚያስፈራበት ሰዓት።

ስለዚህ እኛ ከዘጌ ስንመለስ ገና ከዳሩ ሳንርቅ፣ የብሱ ነፋሱን ከልሎልን ውሃው ረጋ ባለበት ቦታ አጥፈን እንነሣለን። ነፋሱ ቀላል ሆኖ ከተገኘ መፍታት ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ታዲያ ለምን አያጥፍም? እኔ አውቅ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አላጠፍኩም ማለት ይቀላል። ምክንያቴ ድፍረት አልነበረም። ጀልባዋ ላይ ያለው ማጠፊያ እንዲያጥፉበት አልተሠራም ነበር። ሸራው ላይ አንድ ረድፍ ቀዳዳ፣ በቀዳዳዎቹ የተንጠለጠለ ክር፣ ሌላ ምንም የለም። ለማጠፍ አንዱ ሰው መሪውን ይዞ ሌላው ወደ ደቀሉ ሄዶ፣ መስቀያውን ፈትቶ፣ የፊቱን ጥግ በክር አስሮ፣ ከዚያ በሚወዛወዘው አግዳሚ ላይ ተንጠልጥሎ የኋላውን ጥግ ማሰር ነበረበት። አሥር ደቂቃ። በማዕበል ላይ አሥር ደቂቃ ቆሞ መሥራት ካለብህ «ትንሽ ልታገሥ፣ ነፋሱ ይበርድ ይሆናል» ትላለህ። አይበርድም።

ማሻሻያው እንግዲህ አራት ቦታ ላይ ነው፦ የኋላው ገመድ፣ የፊቱ ገመድ፣ መስቀያው፣ ራሱ ሸራው። ከሁሉም የሚበልጠው የኋላው ስለሆነ እዚያ ላይ ልቆይ።

ሸራው ሲታጠፍ በኋላ ጠርዙ ላይ፣ ከታች አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተሰፋው ቀለበት አዲሱ የኋላ ጥግ ይሆናል። ይህ ጥግ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ወደ ታች ወደ አግዳሚው መሳብና ወደ ኋላ መወጠር። ሁለቱንም በአንድ ገመድ ማድረግ ይቻላል፤ ብልሃቱ ገመዱ አግዳሚውን የሚይዝበት ቦታ ነው። ገመዱ አንድ ጫፉ አግዳሚው ላይ ይታሰራል፣ ወደ ላይ ወጥቶ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፣ በሌላው ጎን ወርዶ አግዳሚው ላይ በተሰካ ፑሊ ዞሮ ወደ ፊት፣ ወደ መቀመጫው አጠገብ ይመጣል፤ እዚያ ገመድ መያዣው ላይ ይጠመጠማል።

እኔ መጀመሪያ ጫፉንም ፑሊውንም ልክ ከቀለበቱ ሥር አደረግኳቸው። ትክክል ይመስል ነበር። ስስበው ቀለበቱ ወረደ፣ ወደ ኋላ ግን የሚወጥረው ነገር አጣ። የታች ጠርዙ ላላ፣ ሸራው ሆዱ ተነፋና እንደ ጆንያ ሆነ። እንዲህ ያለ ሸራ ደግሞ ካልታጠፈው ላይሻል ይችላል፤ በኃይለኛ ነፋስ የሚፈለገው ጠፍጣፋ ሸራ ነው፣ ሆዳም ሸራ ነፋሱን ይዞ ጀልባዋን ያጋድላታል። ስፋቱን ቀነስኩ ብዬ ቅርጹን አበላሸሁት።

አስተካክሎ ለመሥራት ነፋስ የሌለበት ጠዋት መምረጥ ነው። ጀልባዋ ዳር ታስራ ሸራው እንደታጠፈ ያህል ከፍ ይደረጋል፣ የፊቱ ጥግ በቦታው ይታሰራል፣ ከዚያ አንድ ሰው የኋላውን ቀለበት በእጁ ይዞ የታች ጠርዙ ቀጥ እስኪል ወደ ኋላና ወደ ታች ይስበዋል። ቀለበቱ አግዳሚውን የነካበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ፑሊው የሚሰካው፣ ጫፉም የሚታሰረው ከዚያ ምልክት አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ገመዱ ሲሳብ ቀለበቱን ወደ ታችም ወደ ኋላም ይወስደዋል። በእኔ ጀልባ ላይ በጆንያና በሸራ መካከል ያለው ልዩነት ያ አራት ጣት ነበር። ጫፉን በብሎን ከማሰር ይልቅ አግዳሚውን ዙሪያውን አቅፎ በማይጠብቅ ቋጠሮ ማሰር ይሻላል፤ ከተሳሳትን ገፋ ማድረግ ይቻላል፣ ዘንጉንም አንበሳውም። ይህ የሚሆነው ግን የሸራው ታች ከአግዳሚው ጋር በሙሉ ሳይሰፋ ፊትና ኋላ ጥጉ ብቻ ተይዞ ከሆነ ነው።

ከቦታው ቀጥሎ መፋተግ ነው። በቀለበቱ ውስጥ ያለፈው ገመድ ሁለት ሆኖ ስለሚስብ፣ በእጃችን 10 ኪሎ ስንስብ ቀለበቱ በ20 ኪሎ መውረድ ነበረበት። ባዶ ብረት ላይ ግማሽ ዙር የሚዞር ገመድ ግን ከተሳበበት ኃይል ግማሽ የሚጠጋውን በመፋተግ ሊበላው ይችላል፤ 20 የተባለው ወደ 15 ይወርዳል። ከቀለበቱ ጋር ትንሽ ፑሊ አብሮ ቢሰፋና ገመዱ በዚያ ቢያልፍ ወደ 19 ይመለሳል። ለባንዲራ መስቀያ የሚሸጠው ትንሹ ፑሊ ለዚህ ይበቃል። ባሕር ላይ ቢሆን ጨዉ በአንድ ክረምት ይበላው ነበር፤ ጣና ጨው ስለሌለው እኛ ለውድ ብረት መክፈል የለብንም።

አንዳንዶች የፊቱንም የኋላውንም ጥግ በአንድ ገመድ ማጠፍ ይመርጣሉ። አንድ ገመድ ስበህ ሁሉም ነገር ይወርዳል፤ ሲነገር ይማርካል። ሒሳቡ ግን ይኸውና፦ ያ ገመድ ጥግ ለጥግ ሲዞር ስድስት ቦታ ቢጠመዘዝና እያንዳንዱ መዞሪያ ከአሥር አንድ ቢበላ፣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ከተሳበው ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ትልቅ ጀልባ ገመድ መጠምጠሚያ ማሽን ስላለው ይችለዋል። እኛ ባለ እጅ ነን፤ ሁለት አጫጭር ገመድ ይሻለናል። ሸራውን አግዳሚው ላይ እንደ ምንጣፍ እየጠቀለሉ ማሳነስ የሚባልም አለ። ሞክሬዋለሁ፣ ሆዱ ይነፋል፣ ትቼዋለሁ።

የፊቱ ጥግ ቀላል ነው። ብዙ ጀልባዎች ላይ አግዳሚው ከደቀሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ መንጠቆ አለ፤ የፊቱ ቀለበት ወርዶ እዚያ ይሰካል። እጅ የሚደርስ ከሆነ ከዚህ የሚቀል የለም። ካልደረሰ አንድ ገመድ ከደቀሉ ሥር ተነሥቶ በቀለበቱ አልፎ፣ ተመልሶ ወደ መቀመጫው ይመጣል። ልብ መባል ያለበት አንድ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ የፊቱ ጥግ ሁልጊዜ ከኋላው በፊት ይያዛል። የኋላው ቀድሞ ከተወጠረ ሸራው ወደ ኋላ ይሸሽና ደቀሉ ላይ የያዙትን ማያያዣዎች ይቀድዳል።

መስቀያው ላይ የሠራሁት ማሻሻያ ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የጠቀመ ነው፤ ቀይ ክር። ሸራው ልክ ለማጠፊያው ዝቅ ሲል መስቀያው ገመድ መያዣው ላይ የሚደርስበትን ቦታ በቀይ ክር ጠምጥሜ ሰፋሁት። አሁን መስቀያውን ስለቅ ወደ ላይ አላይም፤ ቀዩ ክር እጄ ሲገባ እቆማለሁ። ቀድሞ አንዴ አብዝቼ ለቅቄ፣ አንዴ አሳንሼ ለቅቄ ስመላለስ ነበር ጊዜው የሚያልቀው። መስቀያው ራሱ ከደቀሉ ሥር በፑሊ ዞሮ ወደ ኋላ መጥቶ መቀመጫው አጠገብ ቢታሰር ደግሞ ወደ ፊት መሄድ ይቀራል።

ስለ ገመዱ ዓይነት ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ስሙኝ። ሰማያዊው ወይም ቢጫው ፕላስቲክ ገመድ ርካሽ ነው፣ ይንሳፈፋል፣ ለዕቃ ማሰሪያ ጥሩ ነው፤ ቋጠሮው ግን ይንሸራተታል፣ ፀሐይ ላይ ከከረመ እንደ ገለባ ይፈረፈራል፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ ፀሐይዋ ከቆላው የበረታ ጨረር አላት። ናይለኑ ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ለመልሕቅ ይህ ጠባዩ ይወደዳል፤ ለመስቀያ ሲሆን ነፋስ በመጣ ቁጥር ይረዝምና የፊት ጠርዙ ይላላል። የሚፈለገው የማይለጠጠው ፖሊስተር ነው፤ ለዚህች ጀልባ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ ከዚያ ከቀጠነ እጅ ይቆርጣል። ሦስቱ ገመዶች ሦስት ቀለም ቢኖራቸው በችኮላ ጊዜ «የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይጠፋል።

ሸራው ላይ ያለውን ሥራ ድንኳንና የመኪና ሸራ ለሚሰፋ ሰው መስጠት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ከተማችን አያጣም። ለእርሱ መነገር ያለበት ግን አለ። አዲሶቹ ሁለት ጥጎች የሸራውን ሙሉ ጭነት የሚሸከሙ ናቸው፤ በአንድ ድርብ ጨርቅ አይበቃቸውም። ሦስት አራት ድርብ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ስፌቱም ዚግዛግ መሆን አለበት። ለጭነት መኪና ሸራ የሚመታው የናስ ቀለበት ለእነዚህ ጥጎች አይሆንም፣ ተነቅሎ ይወጣል። ጠንካራ የብረት ቀለበት በጠፍር ታቅፎ ይሰፋል። አሮጌ የመኪና ቀበቶ ለጠፍርነት ከገዛሁት ሁሉ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። በመሐል ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን የወረደውን ጨርቅ ሰብስበው ከመያዝ በቀር ሥራ የላቸውም፤ ለእነርሱ የናሱ ቀለበት ይበቃል። ሌላው፣ የማጠፊያው መስመር ከታች ጠርዙ ጋር እኩል እንዳይሄድ፤ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይበል። አለዚያ ሸራው ሲታጠፍ የአግዳሚው ጭራ ወርዶ የተቀማጩን ጭንቅላት ይፈልጋል።

እንግዲህ ሁሉም ተሠርቶ ውሃ ላይ ነን እንበል። ጀልባዋ ፊቷን ወደ ነፋሱ ጠጋ ታደርጋለች፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትዞርም፤ የፊቱ ትንሽ ሸራ ቀስ እያለ እንዲያስኬዳት ይተዋል፣ መሪው እንዲሠራ ማለት ነው። ልጓሙ ይለቀቃል፣ ሸራው ይንተፋተፋል። ድምፁ ያስደነግጣል፣ ጉዳት የለውም። አግዳሚውን ወደ ታች የሚይዝ ገመድ ካለ እርሱም ይላላል፤ ከደቀሉ አናት ወርዶ የአግዳሚውን ጭራ የሚደግፍ ገመድ ካለ ደግሞ ይጠብቃል፣ አለዚያ አግዳሚው ከነሸራው ወደ ጀልባዋ ይወድቃል። መስቀያው ቀዩ ክር እስኪመጣ ይለቀቃል። የፊቱ ገመድ ተስቦ ይታሰራል። መስቀያው እንደገና ይወጠራል፣ የፊት ጠርዙ እንደ ክራር አውታር እስኪጠብቅ። ከዚያ የኋላው ገመድ የታች ጠርዙ ቀጥ እስኪል ይሳባል። አሁን ልጓሙን ሰብስቦ መሄድ ይቻላል። በመሐል የተንዘላዘለው ጨርቅ በትንንሾቹ ክሮች የሚታሰረው ሁሉም ካለቀ፣ ጀልባዋም ከተረጋጋች በኋላ ነው፤ ባይታሰርም ያስጠላል እንጂ አይጎዳም።

ስለነዚያ ክሮች የራሴን ቅጣት ልናገር። እነርሱ ጭነት የሚይዙ አይደሉም ብያለሁ። አንድ ቀን ከክብራን ወደዚህ ስንመጣ ነፋሱ በረድ አለና ሸራውን እንፍታው ብለን የኋላውን ገመድ ለቀቅን፣ መስቀያውንም ሳብን። ከመሐሉ ክሮች አንዷን መፍታት ረስተን ነበር። የሸራው ጭነት ሁሉ በዚያች አንዲት ቀዳዳ ላይ ወደቀና ጨርቁ ከቀዳዳዋ ጀምሮ ክንድ ያህል ተሰነጠቀ። ድምፁ ነጠላ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ስለዚህ ሲፈታ ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የመሐሉ ክሮች በሙሉ ይፈታሉ፣ አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራሉ፣ ከዚያ የኋላው፣ ከዚያ የፊቱ፣ መጨረሻ መስቀያው ይወጣል። በእኔ ሸራ ላይ አምስት ክር አለ። ከዚያ ወዲህ ጮክ ብዬ ነው የምቆጥራቸው፤ አብረውኝ ያሉት ይስቃሉ።

መቼ ይታጠፍ ለሚለው መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1805 ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ነፋስን በደረጃ የሚከፍል መለኪያ አዘጋጅቶ ነበር፤ በኋላ ዳብሮ ዛሬ ውሃውን በማየት ብቻ ይሠራበታል። አልፎ አልፎ ነጭ አረፋ ከታየ ሦስተኛው ደረጃ ነው፣ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር። አረፋው በየቦታው ከሆነ አራተኛው ነው፣ ከ20 እስከ 28። ለአምስት ሜትር ጀልባ ማጠፊያው እዚህ ነው። አምስተኛው ደረጃ ላይ ዳር መሆን ይሻላል። ጀልባዋም ራሷ ትናገራለች፤ ስታጋድል አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ማዞር ትፈልጋለች፣ መሪው በእጅ ላይ ይከብዳል። መሪውን በሁለት እጅ መያዝ ከጀመራችሁ ሰዓቱ አልፏል።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። የዝናቡ ደመና ከመድረሱ በፊት ቀዝቃዛ ነፋስ ከፊቱ ይልካል፤ ነፋሱ ቀስ ብሎ አያድግም፣ በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ አቅጣጫውም ከተለመደው የሐይቅ ነፋስ የተለየ ሊሆን ይችላል። ሰማዩ ጠቁሮ ከርቀት ውሃው ላይ ጥቁር መስመር ሲሮጥ ከታየ፣ እዚያ ላይ ማጠፍ ሳይሆን ሸራውን ጨርሶ ማውረድ፣ ላይፍ ጃኬቱን ማጥበቅና መቅዘፊያውን ማውጣት ነው።

ልምምዱን እኛ የምናደርገው ከከተማው ፊት ለፊት፣ ዓባይ ከሚወጣበት ራቅ ብለን ነው፤ እዚያ ጉማሬዎቹ አሉ፣ ሸራ ሲንተፋተፍ ምን እንደሚሰማቸው ለማወቅ አልፈለግንም። ስልኩ ላይ ሰዓት ይያዛል፣ አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ያጥፋል። በመጀመሪያው ቀን አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ፈጀብን፤ ገመዱ ከፑሊው ወጥቶ ተጣብቆ ስለነበር። ፑሊውን ቀይረን በሳምንቱ ሁለት ደቂቃ ገባን። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ራሳቸው ተቀምጠው አጠፉት፣ ሃምሳ አምስት ሰከንድ። ወርደው ሲሄዱ ዘወር ብለው፣ «የመሐሉን ክሮች ቁጠራቸው እንጂ» አሉኝ።